ሳይሞት የቀረው ሞተረኛ

አንድ ሞተረኛ ነበረ። ሞተሩ የራሱ፣ ነዳጁ የራሱ፣ ድካሙም የራሱ ነበር። «አለቃ የለኝም» ይል ነበር፤ ይህን ሲል ደስ ይለው እንደነበር እኔ ራሴ አይቻለሁ።

ሱራፌል፣ ጥያቄህን ትቼ ወደ ሌላ ወሬ የሄድኩ እንዳይመስልህ። ሞተር ገዝተሃል፤ ከሰኞ ጀምሮ ከአንድ ድርጅት ጋር ተዋውለህ ለሰው ዕቃ ልታደርስበት ነው። መጥተህም «ጋሽ ተካልኝ፣ ለሥራ ተብሎ የሚገባው ኢንሹራንስ ውድ ነው፤ የግሉ ይቀለኛል። ደግሞም እድር አለኝ፣ ሰው አለኝ። ይህ አይበቃኝም ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። አይበቃህም ብዬ ዝም ብል የሽማግሌ ፍርሃት ነው ብለህ ትተወዋለህ። ስለዚህ የዚህን ሰው ነገር ልንገርህ። ስሙን መጥራት ይከብደኛል። ሚስቱ እዚሁ ሰፈር አለች።

ሰውየው ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ቀድሞ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሠራ ነበር፤ ቤቱ ሲዘጋ እሱና ሚስቱ አስካለ ያላቸውን ጥሪት አንድ ላይ አድርገው ሞተሩን ገዙ። በከተማው ውስጥ በስልክ ትእዛዝ እየተቀበለ ምግብ ወደ ሰው ቤትና ቢሮ የሚያደርስ አንድ ድርጅት ነበር። ሞተረኛው ወደዚያ ሄደ። ድርጅቱ ቀይ ሳጥንና ቀይ ጃኬት ሰጠው፤ አንድ ወረቀትም አስፈረመው። ወረቀቱ «አጋር» ይለዋል እንጂ «ሠራተኛ» አይለውም። እሱ በዚህ ኮራ። ቤቱ ገብቶ ለአስካለ «ከእንግዲህ ማንም በር ዘግቶ ሥራ የሚያሳጣኝ የለም፤ አጋር ነኝ» አላት።

ሞተር ያለ ኢንሹራንስ መንገድ አይወጣምና ወደ አንድ የኢንሹራንስ ወኪል ሄደ። ወኪሉ ለደንበኛው ቅጹን ራሱ ይሞላለት ነበር። «ተሽከርካሪው ለምን አገልግሎት ይውላል?» ከሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አንሥቶ ሞተረኛውን አየው።

«ለሥራ ነው ብዬ ብጽፍ ይበዛብሃል። ለግል ልበልልህ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ልዩነቱ የምትከፍለው ነው።»

ሞተረኛው ትንሽ አሰበ። ሴት ልጁ በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት መግባቷ ነበር፤ ለቤት ኪራይም የሦስት ወር ቅድሚያ ተጠይቋል። «እንግዲያው ለግል በለው» አለና ፈረመ።

በዚህ ሰው እንዳትፈርድበት። ሊያጭበረብር አስቦ አልነበረም። ሞተሩ የራሴ ነው፤ የራሴ ከሆነ ደግሞ የግል ነው ብሎ ነው ያሰበው። ወረቀቱ ላይ ሌላ ሰው ቢገጭ ለዚያ ሰው የሚከፈለው ተጽፏል፤ ሞተሩ ቢሰበር ለሞተሩ የሚከፈለውም ተጽፏል። እሱ ራሱ ቢሰበር የሚል መስመር ግን አልነበረበትም። ወኪሉም አላነሣለት፣ እሱም አልጠየቀ።

ከዚህ ሌላ የእኛ እድር አባል ነበር። አባቱ ሲሞት በአባቱ ቦታ ገባ። ያን ጊዜም የእድሩ ዳኛ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ጠባዩን አውቃለሁ። ወርኃዊ መዋጮውን አያሳድርም። ለቅሶ ሲኖር በሞተሩ እየዞረ ራቅ ብለው ለሚኖሩ አባላት ይነግርልን ነበር፤ ድንኳን ሲተከልም ካስማ የሚመታው እሱ ነበር። ሰው ይወደዋል። ስለዚህ ኢንሹራንስ አለኝ፣ ድርጅት አለኝ፣ እድር አለኝ ብሎ ያምን ነበር። ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሄልሜቱን አጥብቆ፣ ወደ ሥራው ሲሄድ ምንም የሚያሰጋው ነገር አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ለአንድ ቢሮ ሠራተኞች የሚደርስ ምሳ ይዟል። ቁልቁለቱን ሲወርድ አንዲት ሙዝ የምትሸጥ ሴት ሳፋዋን ተሸክማ ከቆሙ ታክሲዎች መሀል ድንገት ብቅ አለች። ፍሬን ቢይዝም እንደማይቆምለት አወቀ። መሪውን ጠመዘዘው። ሴትየዋን ሳይነካት አለፈ፤ ሞተሩ ግን መንገዱን ለሁለት ከሚከፍለው ግንብ ጋር ተላተመ። እሱን ከግንቡ ማዶ አነሡት።

ሐኪም ቤት ሲደርስ ነፍሱን ያውቅ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀው «ሴትየዋስ?» ብሎ ነው። ደህና ናት አሉት። «ተመስገን» አለ። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ አስካለን ኮሪደር ላይ ጠርቶ የጀርባ አጥንቱ መሰበሩን፣ ከወገቡ በታችም ከእንግዲህ እንደማይንቀሳቀስ ነገራት። በዚያው ቀን ያቺ ሙዝ ሻጭ ሊጠይቁት ከመጡት ሰዎች ጋር ገባች። አልጋው ግርጌ ተንበርክካ እግሩን ሳመችው። እሱ አልተሰማውም። ስታለቅስ አይቶ ነው እንደሳመችው ያወቀው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከኢንሹራንስ ኩባንያው አንድ ሰው መጣ። ትሑት ሰው ነበር፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና በሕመሙ ማዘኑን ተናገረ። ቀጥሎ ትራፊክ ፖሊስ ያነሣውን ፎቶግራፍ አወጣ። ቀዩ ሳጥን ተከፍቶ፣ ምሳው አስፋልቱ ላይ ተበትኖ ይታያል።

«ያን ዕለት ወዴት እየሄዱ ነበር?» ሲል ጠየቀው።

አስካለ የባሏን እጅ ጨበጥ አደረገች። ዘመድ ጥየቃ በል ማለቷ ነበር። እሱ ግን ፎቶግራፉን አየና «ምሳ ላደርስ» አለ።

«ውሉ የተገባው ለግል አገልግሎት ነው። ይህ ደግሞ የግል ጉዞ አይደለም።»

«ሞተሩ የግሌ ነው እኮ!»

«ሞተሩ የግልዎ ነው። ሥራው ግን የንግድ ነው። ለንግድ የሚውል ተሽከርካሪ ለብቻው ይታያል፤ ክፍያውም ሌላ ነው። ለሞተሩ ልንከፍልዎ አንችልም።»

ሞተረኛው ፎቶግራፉን ገፋ አደረገው። ከዚያ «ሴትየዋን ገጭቻት ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ለእርሷ ካሳ ይከፈላት ነበር። እርሱን ሕጉ ያስገድዳል።»

«እኔስ? ለእኔ ለራሴስ?»

ሰውየው ወረቀቶቹን እየሰበሰበ «ለራስዎ የገቡት የለም» አለው። ሲወጣ አስካለን አቀርቅሮ ተሰናበታት። ክፉ አልነበረም ሱራፌል፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የተናገረው። ሞተረኛው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያቺን ሴት በማትረፉ «ተመስገን» ሲል አልሰማሁትም። ጸጽቶት ነው አልልህም። 

አስካለ ወደ ድርጅቱ ሄደች። ሦስት ቀን ከተመላለሰች በኋላ አንዲት ጸሐፊ አስገባቻት። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አይታ «ባለቤትዎ ጎበዝ ነበሩ፤ ደንበኞች ሁሉ ያመሰግኗቸዋል» አለቻት።

«እንግዲያው እርዱታ። የእናንተን ምሳ ሲያደርስ ነው የወደቀው።»

«እትዬ፣ እኔም አዝኛለሁ። ግን ባለቤትዎ ሠራተኛችን አይደሉም። አጋር ናቸው። አጋር ማለት ራሱን ችሎ የሚሠራ ነው። ሕክምናውንም፣ ኢንሹራንሱንም ራሱ ነው የሚችለው። ፈርመዋል።»

«እሱ እኮ አጋር የሚለው ከሠራተኛ የሚበልጥ መስሎት ነው» አለች አስካለ።

ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሣች። ስትሸኛት ግን በሩ ላይ አቁማት፣ እያፈረች፣ ሳጥኑና ጃኬቱ የድርጅቱ ንብረት ስለሆኑ ይመለሱ እንደሆነ ጠየቀቻት። አስካለ በማግሥቱ መለሰቻቸው። ጃኬቱን አጥባ ነበር የመለሰችው። በዚያው ሳምንት ሞተረኛው ከተኛበት አልጋ ራስጌ ስልኩ ጮኸ፤ ከድርጅቱ የተላከ መልእክት ነበር። «ጠፍተሃል! ዛሬ ወጥተህ ብትሠራ ደረጃህን መልሰህ ታገኛለህ» ይላል። መልእክቱን የላከው ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። አስካለ ስታነብለት ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፤ ልጁ ደንግጣ ከክፍሉ ወጣች።

ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰው አልተወውም፤ ይህን ሳልነግርህ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። ጎረቤት ምግብ ያመጣል። ሞተረኞች ጓደኞቹ አዋጥተው ሰጡት። እኛም በእድሩ ስም ሳይሆን በየግላችን አዋጣን። የተሰበረው ሞተር ለመለዋወጫ ተሸጠ። ይህ ሁሉ ሁለት ወር ከግማሽ አደረሳቸው። የሰው እጅ አንድ ጊዜ ይዘረጋል፣ ሁለት ጊዜም ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወደ ጣጣው ይመለሳል። የእሱ ጣጣ ግን በየቀኑ ነበር። መድኃኒቱ፣ የሽንት ከረጢቱ፣ የሚገለብጠው ሰው። እንደዚያ ያለ በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገለበጠ ገላው ይቆስላል። አስካለ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀምራ ነበር፤ ጠዋት ገልብጣው ትወጣለች፣ ስትመለስ እዚያው ላይ ታገኘዋለች።

እንግዲህ አሁን የምነግርህን አድምጥ። ጥያቄህ እዚህ ላይ ነው ያለው።

የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። እኔ መድረኩ ላይ ተቀምጬ የባለፈውን ቃለ ጉባኤ እያስነበብኩ ሳለ በሩ ላይ ግርግር ሆነ። አራት ሞተረኞች አንድ ሰው ተሸክመው ገቡ። የተሸከሙበት የእድሩ ቃሬዛ ነበር፤ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠባቂውን ለምነው ነው ያወጡት። ሬሳ የምንሸከምበት ቃሬዛ ነው። ቃሬዛው ላይ የተኛው እሱ ነበር፤ ነጠላ ለብሷል፤ ዓይኑ ክፍት ነው። አንዳንድ ሴቶች ጮኹ።

መሀል ላይ አስቀመጡት። በክርኑ ተደግፎ ቀና ሊል ሞከረና አቃተው፤ ተኝቶ ተናገረ።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ጊዜያችሁን አልወስድም። እኔ ሞቻለሁ። ከወገቤ በታች ያለው ሞቷል፤ ሐኪሙም ጽፎልኛል። ሙሉ ሬሳ እስክሆን አትጠብቁ። ስሞት የምትሰጡትን ዛሬ ለአስካለ ስጡልኝና ስሜን ከመዝገቡ ሰርዙት። በኋላ ድንኳን አልጠይቃችሁም፤ ወንበር አልጠይቃችሁም። ማዘጋጃ ቤት ይቅበረኝ። በዚያ ብር የሚገለብጠኝ ሰው እቀጥራለሁ፤ አስካለም ሥራ ትሠራለች። ትንሽ ልኑርበት።»

አዳራሹ አለቀሰ። ወንዱም ሴቱም አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ስናለቅስ ግን ሁሉም ሰው ወደ እኔ ይመለከት ነበር፤ ዳኛው እኔ ነኛ።

ከኋላ አንዲት ባልቴት ተነሡ። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። «ልጄ፣ አንጀቴን በልተኸዋል» አሉት። «ግን እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ከፍያለሁ። የምከፍለው ሜዳ ላይ እንዳልወድቅ ብዬ ነው። ገንዘቡ ለቆመ ሰው መሰጠት ከጀመረ እኔን ማን ይቀብረኛል?»

ለቆመ ሰው ሲሉ ሁሉም ሰው ቃሬዛውን ተመለከተ። ባልቴቲቱም ያሉት ገብቷቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተቀመጡ። ያሉት ግን እውነት ነበር። ያን ቀን እዚያ ከነበሩት አባላት ውስጥ የታመመ ባል፣ የታመመች እናት የሌለው ጥቂት ነው። ለአንዱ ብንከፍል ለሁሉም ልንከፍል ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ካዝናው ባዶ ይሆናል፤ ያኔ የሚሞተው ቀባሪ የለውም።

ደንቡን አወጣሁ። ደንቡን የጻፍነው እኔና ሁለት ሰዎች ነን፤ ሁለቱ ሞተዋል፣ በሥርዓት ቀብረናቸዋል። አነበብኩለት። «አባል ሲሞት» ይላል። ሲታመም አይልም፣ ሲጎዳ አይልም። ሲያነቡት በጣም አጭር ነው።

«ጋሽ ተካልኝ» አለኝ፤ ድምፁ ቁጣ የለበትም። «ታዲያ ምን ላድርግ? ልሙት?»

 «እንዲህ አይባልም» አልኩት።

ይኸው ነው ያልኩት። ሰው በሁለት በር ሄዶ ከሁለቱም ተመልሶ፣ በመጨረሻ በሬሳ ቃሬዛ መጥቶ ሲጠይቀኝ፣ እንዲህ አይባልም አልኩት። እሱም «እሺ» አለ። ሞተረኞቹ አነሡት። ሲወጡ ባልቴቲቱ ተከትለው መቀነታቸውን ፈትተው የነበራቸውን እጁ ውስጥ አኖሩ። ስብሰባው ቀጠለ። የወንበር ግዢ ጉዳይ ነበረብን።

ከዚያ ወዲህ አስካለ የእድሩን መዋጮ መክፈል አቆመች። ከየት ታምጣ? ደንቡ ስድስት ወር ያልከፈለ አባል ይሰረዛል ይላል። በአራተኛው ወር ከኪሴ ልክፈልለት ብዬ አሰብኩ። በአምስተኛውም አሰብኩ። በስድስተኛው ወር ጸሐፊው ስማቸው የሚሰረዝ አባላትን ዝርዝር አመጣልኝ፤ ስሙ ከላይ ሁለተኛው ነበር። ፈረምኩ። ብዙ ወረቀት ስለነበር ሳላየው ፈረምኩ ብዬ ልነግርህ እችል ነበር። አይቼዋለሁ።

ሰውየው ከወደቀ በአሥራ አንደኛው ወር ሞተ። የገደለው ያ ግንብ አይደለም። ጀርባው ላይ የወጣው ቁስል አመርቅዞ፣ መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነው። ሲሞት አስካለ ሥራ ላይ ነበረች። ልጁ ናት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያገኘችው።

ወሬው ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። የእድሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ ወሰነ፦ ስሙ ቢሰረዝም ይቅር፣ እንደ አባል ይቀበር አለ። ማንም አልተቃወመም። ለሞተ ሰው ደንብ ለመጣስ አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ጭነን ሄድን። እኔ ራሴ አንዱን የድንኳን ምሰሶ ተሸክሜ ነበር።

አስካለ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችን። አላለቀሰችም።

«መልሱት» አለች።

«አስካለ ልጄ፣ ሐዘን ነው፤ ሰው ፀሐይ ላይ ይቁም?» አልኳት።

«ይቁም» አለች። «ጋሽ ተካልኝ፣ እርስዎን ተቀይሜ አይደለም። እሱ ድንኳን አልጠይቃችሁም ብሎ ተናግሯል፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቃሉን አላጥፍበትም። አንድ የሚገለብጠው ሰው ነበር የፈለገው። ዛሬ ሁለት መቶ ሰው መጥታችኋል። ለማን ነው የመጣችሁት?»

 ድንኳኑን ወደ ጋሪው መልሰን ጫንን። ሰፈሩ ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ ያለ ድንኳን፣ ያለ ወንበር፣ ሦስት ቀን። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊት አልታየም። ያቺ ሙዝ ሻጭ ከሁሉም ርቃ አጥሩ ጥግ ቆማ ነበር፤ ወደ አስካለ ለመጠጋት አልደፈረችም።

ከዓመቱ በኋላ እኔ ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ደንቡ ላይ ሠርቶ ማደር እስከማይችል ድረስ ለተጎዳ አባል የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ ለዚያም መዋጮው ከፍ ይበል አልኩ። ሰው በትዕግሥት አዳመጠኝ። ኑሮው ከበደ፣ መዋጮው በዛ አሉ፤ እነሱም እውነታቸውን ነው። እጅ ሲወጣ የእኔና የሌላ የአንድ ሰው ብቻ ወጣ። ሌላዋ ሰው ባልቴቲቱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዳኝነቱን ልልቀቅ ብል እምቢ አሉኝ፤ ዛሬም እኔው ነኝ። ደንቡም ዛሬ እንደዚያው ነው።

እንግዲህ ሱራፌል፣ ያ ሞተረኛ አንተ ነህ። የግሉ ይቀለኛል ትላለህ፤ ወረቀቱ ግን የሚያውቀው ዘመድ ጥየቃ የሚሄደውን ሱራፌል ነው፣ ዕቃ የሚያደርሰውን አያውቀውም። ከድርጅት ጋር ተዋውያለሁ ትላለህ፤ ድርጅቱ የሚያውቀው ሳጥኑን ነው። እድር አለኝ ትላለህ፤ እኛ የምናውቀው ሬሳህን ነው። እሱ ሴትየዋን ገጭቶ ቢሆን ይከፈላት ነበር፤ ተቀጥሮ ቢሆን ድርጅቱ ይጠየቅ ነበር፤ በዚያው ማክሰኞ ሞቶ ቢሆን የምንቀብረው እኛ ነበርን። ሰው አተረፈ፣ ራሱን ችሎ ሠራ፣ ሳይሞት ቀረ። ለእንደዚህ ያለ ሰው የተጻፈ መስመር በአንዱም ወረቀት ላይ አልነበረም።

ሄደህ ለወኪሉ እውነቱን ንገረው። ዕቃ አደርስበታለሁ፣ ክፍያ እቀበልበታለሁ በለው። ቅጹን ራስህ አንብበህ ሙላ። ስለ ሞተሩ ከጨረስክ በኋላ «እኔ ብወድቅስ?» ብለህ ስለ ገላህ ለብቻው ጠይቅ፤ ካልጠየቅህ ማንም አያነሣልህም። ይህን ሁሉ ከከፈልክ በኋላ ለቤትህ ምን እንደሚተርፍህ አላውቅም። ምናልባት ምንም አይተርፍህም። እሱም ይህን አስቦ ነው ለግል በለው ያለው። ካልቻልክ፣ አልቻልኩም ብለህ እወቀው፤ እያወቅህ ንዳ። የሚያነሣኝ ሰው አለ ብለህ ግን አትውጣ።

ሰው አለኝ አልኸኝ። አዎ፣ አለህ። እኔ አለሁ፤ አባትህን አውቀዋለሁ፣ አንተንም እወድሃለሁ። ብትወድቅ ሐኪም ቤት ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ። በቃሬዛ አዳራሹ ድረስ ብትመጣ ግን ደንቡን አውጥቼ አነብልሃለሁ። እያለቀስኩ አነብልሃለሁ፤ ግን አነብልሃለሁ።